ሃምሳ በሰባ አምስት ፍሬም፣ ቁልፍ የምታክል ፊት

ለተከበሩ የፎቶ ማተሚያ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ይህች ደብዳቤ በምትደርስዎ ሰዓት እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ማሽኖችዎም በሙሉ ጤና ላይ እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከእናንተ በር ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ የሚሠራ አናጺ ነኝ። ባለቤቴን ከቀበርኩ አራት ወር ሆኖኛል። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ስብሰባዎን ላለማቋረጥ ስል በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የቤታችን ፎቶ አንሺ እሷ ነበረች። ልጅ ጥርስ ባበቀለ፣ እኔም ቁም ሣጥን ሠርቼ በጨረስኩ ቁጥር ስልኳን ታወጣለች። ፎቶ አንሺ ደግሞ ፎቶው ውስጥ የለችም። ስትሞትብን ስልኳን ብንበረብር፣ ከሁለት ሺህ በላይ ፎቶ ውስጥ እሷ ያለችበት አንድ ብቻ ተገኘ፤ ልጃችን የተመረቀች ቀን ሠላሳ ስምንት ሆነን የተነሳነው። ያንንም ቢሆን ያነሳልን አንድ መንገደኛ ነው። ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ «እርስዎም ይግቡ እንጂ እናቴ» ስላላት ሮጣ መጥታ ከፊት ዳር ላይ ቆመች። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን ቃል አንድ ቀን እንኳ ብያት አላውቅም።

እጄ ሥራ ቢይዝ ሐዘኑ ይቀልልኝ መስሎኝ መጀመሪያ ፍሬሙን ሠራሁ። ሃምሳ በሰባ አምስት ሴንቲ ሜትር፣ አንድም ምስማር ያልገባበት። ለሰው በር መቃን ሁለት ጊዜ ሳይለካ የማይቆርጥ አናጺ፣ ለገዛ ሚስቱ ፎቶ ሳይለካ ቆረጠ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ በማንም አላላክክም። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን የእናንተ ውለታ ስለሆነ፣ አንዱም እንዳይረሳ በቁጥር ላመስግን።

1ኛ. ከዚያ ፎቶ የእሷን ፊት ብቻ ለፍሬሙ አሳድጋችሁ እንድታትሙልኝ ስልኩን ይዤ ስመጣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛችሁ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተር ገልብጣ፣ ስልኩን አጽድታ እንደ አዲስ ልትመልስልኝ እንደምትችል ነገረችኝ። ልጄ ልትይዘው አስባ ስለነበር እሺ አልኩ። ቅጽ ሰጠችኝ፣ ፈረምኩ። ቅጹ ላይ «የማስቀመጫ መጠን፦ ትንሽ» የሚለው ሣጥን ቀድሞ ምልክት ተደርጎበት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ቦታ ስለማይፈጅ ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የምታደርጉት አሉ። ደንበኛ እንዳይደክም እንዲህ መጨነቅ የት ይገኛል! በእኛ ቤት ቅጽ የምታነበው ባለቤቴ ነበረች።

2ኛ. ፎቶው ተጨምቆ ሲቀመጥ የባለቤቴ ፊት መቶ ሃያ ነጥብ ስፋት ሆና ቀረች። ፎቶ ማለት የነጥብ ድርድር መሆኑን፣ ጥርት ብሎ እንዲታተም ለእያንዳንዱ ኢንች ሦስት መቶ ነጥብ እንደሚያስፈልግ ቴክኒሺያናችሁ በትሕትና አስረዳኝ። አስተማሪ ስለሰጣችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ትምህርቱ የተጀመረው ስልኩ ጸድቶ ዋናው ፎቶ ከጠፋ በኋላ መሆኑ ብቻ ነው ትንሽ ቅር ያለኝ። ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ፊቷ ሳይደበዝዝ ሊታተም የሚችለው በሸሚዝ ቁልፍ ልክ ነው።

3ኛ. ይህን እያወቃችሁም እምቢ አላላችሁኝም። እምቢ ብትሉኝ ልቤ እንዳይሰበር አዝናችሁልኝ ይሆናል። የጎደለውን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሞላዋል ተባልኩ፤ እውነትም ሞላው። ከሳምንት በኋላ ያስረከባችሁኝ ሴት እጅግ ሲበዛ ቆንጆ ናት። ቆዳዋ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል፣ ጥርሷ አንድም ሳይጎድል ሙሉ ነው። የባለቤቴ የፊት ጥርስ ክር ስትበጥስበት ኖራ ጫፉ ተሸርፎ ነበር፤ ስትስቅ በከንፈሯ ሸፈን ታደርገው ነበር። ያቺን ሳቅ ነበር ግድግዳዬ ላይ የፈለግኋት። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ፎቶውን ሽቅብ አየችና ይቺ ሴትዮ ማናት ብላ ጠየቀችኝ። እንባዬ መጣ፤ እሷ እንዳታየኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

4ኛ. ቅሬታዬን ሳቀርብ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊዋ አዲሱ ፎቶ ከበፊቱ በብዙ እጥፍ ጥራት እንዳለው አስረዱኝ። ልክ ናቸው፣ ጥራት አለው። ባለቤቴ ናት የሌለችበት።

ቴክኒሺያኑን ግን አደራ እንዳይቆጡብኝ። ሳልለምነው ያችኑ የተረፈችውን የእሷን ምስል ምንም ሳይጨምርባት፣ ሳያሳድጋት፣ በልኳ አትሞ ሰጠኝ። ቁልፍ የምታክለው ፊት ላይ ከንፈሯን ሸፈን ማድረጓ ይታያል። ፍሬሙን ለማሳነስ መጋዝ አንስቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ነጭ ወረቀት ዘርግቼ እሷን መሐል ላይ ለጠፍኳት። አሁን ሊያያት የፈለገ ሰው ግድግዳው ሥር ድረስ መጠጋት አለበት። እኔም በየጠዋቱ መነጽሬን አድርጌ እጠጋለሁ። ድሮ ነበር እንዲህ መጠጋት፣ ስልኩን ተቀብሎ ግቢ እንጂ ማለት።

አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ። ነገ ሌላ ሐዘንተኛ ስልክ ይዞ ሲመጣ፣ ከማጽዳታችሁ በፊት ሌላ ቅጂ እንዳለው ጠይቁት። ያቺን ቅጽም ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ የሚያነብለት ሰው ሞቶበት ይሆናል።

ለማሽኖችዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለስብሰባዎችዎ ፍጻሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይለካ የቆረጠው ጎረቤትዎ አናጺ

ማስታወሻ፦ ያቺ የሠራችኋት ቆንጆ ሴት ሥራ ቤቴ ውስጥ ናት። ምንም አልበደለችኝምና የእንጨት ብናኝ እንዳይነካት ንጹሕ ጨርቅ አልብሻታለሁ። እባክዎ ሰው ልከው ያስወስዷት። ምናልባት የሆነ ቦታ ባል ይኖራት ይሆናል፤ እስካሁን እየፈለጋት ከሆነ ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ።