ሊኑክስ በየወሩ ለሚቀያይሩልን ሥራ አስኪያጅ፣ ለልጄ

ለተከበሩ የእንጨት ሥራ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
በሥራ ሰዓት አለቃችን፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ የበኩር ልጄ ለሆኑት፤

እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ አንገትዎ፣ በተለይም ከኮምፒውተሩ ፊት ዞር ብለው የማያውቁት ዓይኖችዎ ደህና ናቸው? እኔ አባትዎ፣ ጉልበቴ ከደረጃው ጋር ከመጣላቱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ የምለው ከልቤ ነው፤ ሲያምዎ ሥራ ቀርተው ቤት ስለሚውሉ፣ ቤት ሲውሉም የቤቱን ኮምፒውተር ስለሚነካኩ፣ ከሁላችን ይልቅ የእርስዎን ጤና አጥብቄ የምፈልገው እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የማስጽፈው በራስዎ ትእዛዝ ነው። ባለፈው ሰሞን በማሳያ ክፍላችን በር ላይ ወረቀት ለጥፈው ነበር። እኔ ፊደል ስለማልለይ የዋጋ ቅናሽ መስሎኝ ለገባ ለወጣው ደንበኛ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ስል ዋልኩ። ምራቴ ሰምታ እየሮጠች መጣችና፣ ወረቀቱ የሚለው “ስለ ኮምፒውተር የሚቀርብ ማንኛውም ቅሬታ በጽሑፍ ብቻ ሆኖ እዚሁ መስታወቱ ላይ ይለጠፍ” እንደሆነ ነገረችኝ። አፍህን ከፈታህበት ቀን ጀምሮ በቃል ስንጨቃጨቅ የኖርን አባትና ልጅ፣ በጽሑፍ ለመጨቃጨቅ መብቃታችን ትልቅ ዕድገት ስለሆነ አመሰግናለሁ። እንግዲህ እኔ እናገራለሁ፣ የሒሳብ ሠራተኛችን ትጽፋለች። የሒሳብ ሠራተኛችን፣ እንደሚያውቁት፣ ሚስትዎ ናት። “አባባ፣ ይቺን እንኳ ትንሽ ላለስልሳት?” ባለችኝ ቁጥር “እንዳለች ጻፊያት” እያልኳት ነውና፣ የሚጎረብጥ ቃል ቢያጋጥምዎ ጥፋቱ የእኔ ነው። “እርስዎ” ማለቱን ትቼ “አንተ” ያልኩበት ቦታ ካለም የጸሐፊዋ ስሕተት አይደለም፤ ንዴት ነው።

ከቅሬታ በፊት ምስጋና ይቀድማል። ሊኑክስ የሚባለውን ነገር ወደ ድርጅታችንና ወደ ቤታችን ያመጡት እርስዎ ነዎት። ይሄኛው ምስጋና እውነተኛ ነው፤ ከዚህ በታች የሚመጡትን ግን አንጓለው ይቀበሉ። ያኔ ያስረዱኝ እንዲህ ነበር፤ ሊኑክስ አንድ ግንድ ነው፣ የእኔ ብቻ ነው ብሎ የሚያጥረው የለም፣ የፈለገ ሰው ወስዶ ጠርቦ የራሱን ዕቃ ይሠራበታል፣ ከዚያው ግንድ የተሠሩት ዕቃዎችም ስርጭት ይባላሉ፤ አንዱ ሚንት፣ አንዱ ኡቡንቱ፣ አንዱ ፌዶራ፣ አንዱ ዴቢያን፣ ሌላም ሌላም። ይሄ ነገር ለአናጢ ሁለት ጊዜ አይነገረውም፤ ወዲያው ገባኝ። አረንጓዴዋን ሚንት ጫኑልን፤ ሞቷል ያልነው አሮጌ ኮምፒውተር ነፍስ ዘራ። በዚያ ቢቆሙ ኖሮ ዛሬ ሐውልትዎን ከምርጥ እንጨት እጠርብልዎ ነበር። አልቆሙም።

አንደኛ፤ ስለ ድርጅቱ። አራት ክፍል አለን፤ አንዱ ስርጭት ለአራቱም ይበቃ ነበር። ክቡርነትዎ ግን የሚሻለውን ለመለየት “ጥናት” ያስፈልጋል ብለው፣ አንዱ ክፍልም በሌላው እንዳይቀና ተጨንቀው፣ ለሒሳቧ ኡቡንቱ፣ ለማሳያ ክፍሉ ፌዶራ፣ ለመቁረጫው ክፍል ዴቢያን፣ ለበር ጥበቃው ቤት ሚንት አከፋፈሉ። ለልጆቹ ርስት የሚያከፋፍል አባት እንኳ እንዲህ ሲጠነቀቅ አላየሁም። አራቱም ጥሩ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ፤ አራት ጥሩ ፈረስም በአንድ ጋሪ ላይ ወደ አራት አቅጣጫ ቢጠመድ ጋሪው ንቅንቅ አይልም። ፕሪንተሩን በአንዱ ላይ አስተካክለው የቀረውን “ነገ” ስላሉት፣ ዛሬ ፕሪንተሩ የሚታዘዘው ለበር ጥበቃችን ብቻ ነው። ደረሰኝ የሚፈልገውም፣ ውል የሚፈርመውም በሩ ላይ ይሰለፋል። “ጀነራሉ” እያልን የምንጠራው ጥበቃችን ድሮ “ማን ልበል?” ከማለት ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ አሁን መነጽር ገዝቶ፣ ወረቀቱን ሁሉ ሳያነብ አያትምም። “ለዚህች ቁም ሣጥን ይሄን ያህል? ኧረ ጋሼ፣ ፍራ!” ይለኛል፣ ደንበኛው ፊት። እሱ ዋጋ ሲከራከር በሩን የሚጠብቅ ስለጠፋ የምጠብቀው እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ የሥራ መደብ ስለከፈቱልኝ ውለታዎ አለብኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሙሽሮቹ አልጋ። ሊጋቡ የተቃረቡ ሁለት ልጆች ባለ ራስጌ አልጋ አዘዙን። ሒሳቧ ትእዛዙን አሳምራ ጽፋ ወደ መቁረጫው ክፍል ላከችው። የዚያ ክፍል ኮምፒውተር ግን ገና ትናንት መቀየሩ ነበርና ፊደላችንን የሚያሳይበት ነገር አልተጫነለትም፤ በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ ባዶ አራት ማዕዘን ደርድሮ ቁጭ። አናጢያችን ማንበብ ይችላል፤ ችግሩ አናጢ መሆኑ ነው። አራት ማዕዘን በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ ሲያይ “አቤት የሚያምር ንድፍ!” አለና መጋዙን አነሣ። ሳምንቱን ሙሉ ሲለካ፣ ሲቆርጥ፣ ሲያጣብቅ ከረመ። በቃልና በቃል መካከል ያለውን ክፍተት እንኳ አልዘነጋም፤ እዚያ እዚያ ላይ ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ትቶለታል። ከላይ እስከ ታች በትናንሽ ሣጥኖች የተሞላ መደርደሪያ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር አንዲት ክር የምታስገባ ስንጥቅ የለበትም፤ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ሙሽሪት መጥታ ዙሪያውን ዞረችና “ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው የምንተኛው?” አለችኝ። እጮኛዋ ደግሞ “እንደ እርግብ ነዋ፣ እኔ ከላይ አንቺ ከታች” ብሎ ሊያስቃት ሞከረ፤ አልሳቀችም። ሠርጋቸው ደርሷል፤ አልጋቸው እስካሁን ሳንቃ ነው።

ሦስተኛ፤ ይሄኛው የጸሐፊዋ ነው። “አባባ፣ ለእኔም አንዲት ቁጥር ስጠኝ” ብላ ለምናኝ ሰጥቻታለሁ። ስርጭት በተቀየረ ቁጥር የፊደል መጻፊያዋ አብሮ ይጠፋል፤ ሲመለስም ቁልፎቹ ቦታ ተለዋውጠው ነው። ለእርስዎ አቤት ስትል “አንድ ደቂቃ ነው፣ ጨረስኩ” ይላሉ፤ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ እራት ይቀዘቅዛል፣ ልጆች አባታቸውን ሳያዩ ይተኛሉ። ከዚህም የበለጠ ተናግራ ነበር፤ በማሳያ መስታወት ላይ የሚለጠፍ አይደለም ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የለሰለሰ ነገር ካለ እሱ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ያናገረኝ ይሄ ነው።

ታላቅ ወንድሜ፣ አጎትዎ፣ በአውቶቡስ ውሎ አዳር በሚያስኬድ ከተማ ይኖራል። ጆሮው ከከዳው ቆይቷል፤ ስለዚህ ስልክ ለእኔና ለእሱ ቁራጭ ብረት ነው፤ ፊቴን ማየት አለበት። በቤታችን ኮምፒውተር ቅዳሜ ከሰዓት እየተያየን ዳማ እንጫወታለን። በእሱ ፊት አንድ ገበታ፣ በእኔ ፊት አንድ ገበታ፤ በጣቱ ያሳየኛል፣ እኔ የእሱንም የራሴንም ጠጠር አንቀሳቅሳለሁ፤ ሲያጭበረብር ቡጢዬን አሳየዋለሁ። ፊደል የማይለይ ሰው ኮምፒውተር እንዴት እንደሚይዝ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ልንገርዎ። በቦታ ነው። ከታች ከግራ ሦስተኛዋ ሥዕል ወንድሜ ናት። ቀጥላ ያለችው ሬዲዮ ናት። ዳር ላይ ያለችው ማጥፊያ ናት። በሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ መጋዙ በምስማሩ፣ መሮው በምስማሩ፣ መላጊያው በምስማሩ እንደሚሰቀል ማለት ነው፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ እጄ አይስትም። በልጅነትህ መዶሻ አንሥተህ ሌላ ቦታ ስታስቀምጥ ጆሮህን እቆነጥጥህ የነበረው ለዚህ ነው። ለካ በደንብ አልቆነጠጥኩም።

ባለፈው ወር መጡና “አባባ፣ ይሄኛው ይፈጥናል፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ትለምደዋለህ” ብለው ቀየሩብኝ። ቅዳሜ ደረሰ፤ ፀጉሬን አበጥሬ ተቀመጥኩ። ጨዋታው ካለፈው ሳምንት የዞረ ነበር፤ ወንድሜ ሦስት ጠጠር ቀርቶት ጥግ ይዟል፣ እኔ በሁለት እርምጃ ልጨርሰው ነው። ሦስተኛዋን ሥዕል ነካሁ። ጥቁር መስኮት ተከፈተ፤ ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ነገር ብልጭ ድርግም ትላለች። ወንድሜ ቤት መብራት ጠፍቶ ሻማ የለኮሰ መስሎኝ በእጄ ሰላም አልኩት፤ ብልጭ አለች። “ምነው፣ ደህና አይደለህም?” አልኩ፤ ድርግም አለች። እንደዚያ ስንጠያየቅ ከሰዓቱ አለቀ፤ ለካ ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት ኖሯል።

በማግስቱ የወንድሜ ሚስት ለምራቴ ደወለች። ለካ ወንድሜ በሰፈሩ ላገኘው ሁሉ “ታናሼ ሊሸነፍ ሲል ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሸሸ” እያለ በሌለ ጥርሱ ይስቃል። እኔ! በሁለት እርምጃ ልጨርሰው የነበርኩት! ይህን ለእርስዎ ባመለክት “ሌላ የተሻለ አለ” ብለው ሌላ ጫኑ፤ ሥዕሎቹ ከታች ተነሥተው ወደ ጎን ሄዱ። አሁንም ባመለክት ሌላ ጫኑ፤ አሁን ጭራሹን ተደብቀዋል፤ የት እንዳሉ የሚያውቁት እርስዎና ፈጣሪ ናችሁ።

የወንድሜ ሚስት ለምራቴ ሌላም ነገር ነግራታለች። ሐኪም የወንድሜን ዓይን አይቶ ደህና ነው አላለም። ጆሮው ሄዷል፤ ዓይኑ ከተከተለ ቅዳሜ የሚባል ቀን አይኖረንም። የሚቀረን ጨዋታ ጥቂት ነው፤ ከዚያችው ጥቂት ላይ እየቀነሱ ለሙከራ የሚወስዱት እርስዎ ነዎት። በዚህ ቀልድ የለኝም። ጻፊው አልኳት፤ ላለስልሰው ሳትለኝ ጻፈች።

እንግዲህ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ለተማሩ ሰው ስለ ምርጫ ቢመክር ድፍረት አይሁንብኝ። አንዳንዱ ስርጭት ለዓመታት መልኩን ሳይለውጥ እንደሚቆይ፣ ሌላው ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ ነገር እንደሚጨመርበት የነገሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። እኛ ይህን ከእንጨት እናውቀዋለን። በር የሚሠራው ከደረቀ እንጨት ነው። እርጥቡ ሽታው ደስ ይላል፣ ለመጋዝም ይመቻል፤ ሲውል ሲያድር ግን ይጣመማል፣ በሩም አልገጥም ይላል። እርጥብ የሚወድ ሰው በራሱ ክፍል በራሱ ኮምፒውተር እስኪጠግብ ይጫወትበት፤ የሰው በር ግን አይሥራበት። ለድርጅቱ አንድ የደረቀ ስርጭት፣ ለአራቱም ክፍል እኩል ይሁን። ለቤት ደግሞ ያቺ አረንጓዴዋ ትመለስልኝ፣ ሥዕሎቿ በየምስማራቸው ይሰቀሉ፣ ከእኔና ከወንድሜ አንዳችን እስክንሰናበትም ማንም አይንካት። ረጅም ጊዜ አይደለም የጠየቅኩት፤ አይደክሙም።

መልስዎን ግን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። ይህ ወረቀት መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ እኔ ወደ ወንድሜ በሚሄደው የጠዋት አውቶቡስ ላይ ነኝ። ጉልበቴ ያመኛል፤ ይመመኝ። ገበታው እንደቆመ ነው፤ ሚስቱ አቧራ የምትጠርገው በጠጠሮቹ ዙሪያ እየዞረች ነው አሉ። የቀሩኝን ሁለት እርምጃዎች ሄጄ ዓይኑ እያየ እራመዳቸዋለሁ፤ ስመለስ ሥዕሎቼን በቦታቸው ካላገኘኋቸው ወደ ወንድሜ ተመልሼ እዚያው እኖራለሁ፤ ለእርስዎም ጥናትዎን በሰፊው የሚያካሂዱበት አንድ ተጨማሪ ክፍል ይለቀቅልዎታል።

ለሥራዎ ስፋት፣ ለእጅዎ ዕረፍት እየተመኘሁ፤

የድርጅቱ መሥራች፣ የቀድሞ አለቃዎ፣ የወቅቱ ተጠባባቂ በር ጠባቂ፣ እስከ መቃብር አባትዎ፤
ፊርማዬ የአውራ ጣቴ አሻራ ነው፤ ሙጫ ስላለበት ከወረቀቱ አይለቅም።

ተጨማሪ ቃል፦ ደብዳቤው ሊያልቅ ሲል፣ ለመጪው ቅዳሜ “ከሁሉም የሚበልጥ” የተባለ አንድ ሌላ ስርጭት በትንሿ ፍላሽ ላይ ጭነው፣ ከቁልፍዎ ጋር እንዳንጠለጠሉት ሰማሁ። ፍለጋ እንዳይደክሙ፤ ፍላሿ ኪሴ ውስጥ ናት። ከቁልፉ ላይ ማን እንደፈታት አልናገርም፤ ሌባዋ ግን ለእርስዎ እንግዳ አይደለችም። ወንድሜ ቤት አንድ የዳማ ጠጠር ጎድሏል አሉ፤ በእሷ ተክተን እንጫወታለን። እኔ ካሸነፍኩ ይዣት እመጣለሁ። እሱ ከበላት ግን የእሱ ናት፤ የበላውን ሲመልስ በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም።