በስምሽ የጠረብኩት ድንጋይ

ውድ ወርቂቱ፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር ስል ብዕሩ እጄ ላይ ቆመ። እንዴት ነሽ የሚባለው ላለ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ አራት ወር ሙሉ አለመኖርሽን ስለምድ ነው የከረምኩት። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትይኝ። እናትሽ እትዬ የሻለም ስልኩን ሰጥተውኝ ድምፅሽን ስሰማ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ፤ "መሮዬ ደንዟል" ነው ያልኩሽ። ከሞት የተመለሰን ሰው እንደዚያ ብሎ የሚቀበል ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል፤ ለእረፍት መጥታ ወደ ጅዳ የምትመለሰው ሸጋዬ ታደርስልሻለች።

የሆነውን ከእኔ ስሚው። ፓስፖርትሽ ላይ ስምሽ ፈርሂያ እንደተባለ የምናውቀው እናትሽና እኔ ብቻ ነበርን። ከኛ ቀዬ ዓረብ አገር የሄዱት የክርስቲያን ልጆች በሙስሊም ስም ነው የሚወጡት፤ የሚገርመውም የለም። በጥቅምት "የወሎ ቦረና ልጅ ፈርሂያ ጅዳ ላይ ሞተች፣ እዚያው ተቀበረች" የሚል ወሬ መካነ ሰላም ሲደርስ ስልክሽ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። እናትሽ የማን ልጅ ብለው አልጠየቁም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ቦረና ውስጥ ፈርሂያ አንቺ ብቻ መሰልሽን። ድንኳን ተጣለ፣ ተለቀሰ። በሰባተኛው ቀን እትዬ የሻለም ያለሁበት ድረስ መጡ።

"አስከሬኗን እንደሁ አላገኘሁ፤ ሄጄ የማለቅስበት ድንጋይ ቅረጽልኝ። አብሽር፣ የፈለግኸውን ያህል ቆይ። ብቻ እሷን ይምሰል" አሉኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ገደሉ አፋፍ ላይ ጥቁር ድንጋይ ሳወጣና ስጠርብ ውዬ፣ ሰው ሳላይ የምገባበት ቀን ይበዛል። ጠዋት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር መንጨት ሲጀምሩ መሮዬን አነሳለሁ፤ ወደ ማደሪያቸው ሲወርዱ አስቀምጣለሁ። ሰዓቴ እነሱ ናቸው። አልፎ አልፎ አንዲት ቀይ ቀበሮ ከጅባራው ተክል ሥር ቆማ ታየኛለች። መዶሻውን ለምዳዋለች መሰለኝ፣ ደንግጣ የምትሄደው ዝም ሲል ነው።

መልክሽን ግን ከየት ላምጣው? የላክሽው ፎቶ ተሸፋፍነሽ ዓይንሽ ብቻ የሚታይበት ነው። ስለዚህ የማውቃትን ቀረጽኩ፤ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዛ ገብሱን ከጭላዳ የምትጠብቀዋን። አንድም ጭላዳ መተሽ አታውቂም እኮ። ወንጭፍሽ ያገኘው የአጎቴን በቅሎ ብቻ ነው። እሱን እያሰብኩ ስስቅ፣ ወዲያው መሞትሽ ትዝ ሲለኝ ሳለቅስ፣ ጭላዳዎቹ ሣሩን ትተው እኔን ያዩ ነበር። አፍንጫሽን የጨረስኩ ቀን በሆዴ የነበረውን ሁሉ ነገርኩሽ። እወድሽ እንደነበር። ስትሄጂ መናኸሪያ ያልመጣሁት ያኔ እንዳልኩሽ እግሬን ድንጋይ ስለመታኝ ሳይሆን፣ አትሂጂ ብዬ እንዳላለቅስ ፈርቼ እንደነበር። ለድንጋይ መናገር ቀላል ነው። ከሥር ስምሽን፣ ከስምሽ ሥር የተወለድሽበትንና የሞትሽበትን ዓመት ጻፍኩ። ዝናብ እንዳያጠፋው ብዬ የሞትሽበትን በጣም አጠለቅኩት።

ከዚያ አንቺ ደወልሽ። አሠሪዎችሽ ስልክሽን ነጥቀውሽ ነበር እንጂ አልሞትሽም። ስናጣራ፣ የሞተችው ሌላ ፈርሂያ፣ ከወዲያኛው ቀበሌ የአቶ አሕመድኑር ልጅ ነበረች። እሳቸው ደግሞ "ስልክ ከልክለዋት ይሆናል" እያሉ አራት ወር ጠበቁ። እኛ የእሳቸውን ለቅሶ ስናለቅስ እሳቸው የኛን ተስፋ ሲጠብቁ ከረሙ።

እውነቱን ልንገርሽ? መኖርሽን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ አይደለም። ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቀውም። አፍሬም ይሆናል፤ ለሞተችው የነገርኩትን ሁሉ በሕይወት ያለችው የሰማችብኝ መሰለኝ። ደግሞስ ያ ሁሉ እንባ የማን ነበር? ላንቺ ካልሆነ ለማላውቃት ለፈርሂያ ነው? ስጠርብ ይሄ ሐሳብ እየዞረብኝ መሮውን ትቼ ጣቴን እመታለሁ።

እትዬ የሻለም መጥተው ድንጋዩን አዩት። "ዓመቱን ብቻ ፋቅልኝ። መልኳ ይቆይ፣ ቤት አስገባዋለሁ" አሉ።

"እትዬ፣ ድንጋይ ይቀነሳል እንጂ አይሞላም። ያን ያህል የጠለቀ ነገር የሚጠፋው ፊቱ በሙሉ ዝቅ ሲል ነው። መልኳም አብሮ ይሄዳል" አልኳቸው።

አጎንብሰው ጉንጭሽን በጣታቸው ዳሰሱት። "እንግዲያው ይሂድ። መልኳን ራሷ ይዛው ትመጣ የለ" አሉ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከዓመቱ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ከወንጭፉ ጀመርኩ። አፍንጫሽ ላይ ስደርስ ይቅርታ ጠየቅኩሽ። አሁን ባዶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ጭላዳዎቹ እላዩ ላይ ተቀምጠው ቅማል ይለቃቀማሉ። ለአቶ አሕመድኑር ልውሰድላቸው? ወይስ እናትሽ ደጃፍ ላይ መቀመጫ ላድርገው? አላውቅም። ለፋሲካ ስትመጪ አንቺ ንገሪኝ።

የአሁኑን ግን መናኸሪያ እመጣለሁ። እግሬን ድንጋይ ቢመታኝም እመጣለሁ። ለድንጋዩ ያልኩትን አንቺው ፊት እደግመዋለሁ፤ መሮው ደነዘ ብል እንዳታምኚኝ።

ደብዳቤው ላይ ቀን ስለሌለ አትቆጪኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ከስምሽ አጠገብ ዓመት መጻፍ እጄ ፈርቷል።

ይሄነው