ኪርሲ ያላመነችው ውጤት

ውድ እህቴ ሂልካ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ የካናዳን ብርድ ቻለው? ባልሽን ማርቲንንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ፤ ባሕሩ በረዶ ስለሆነ በየጠዋቱ በላዩ ላይ በስኪ እንሸራተታለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ልጅሽ ነው፤ እሷ ስለ ራሷ እንደማትነግርሽ አውቃለሁና።

ኪርሲ የነደፈችው የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ከፋብሪካ መጣ። ከምስር ፍሬ ያንሳል። ሥራው ሳተላይት ላይ ሆኖ፣ ደመናና በረዶ ከሙቀታቸው የተነሣ የሚያወጡትን ደካማ ሞገድ ተቀብሎ ማጉላት ነው። የሞገዱ ርዝመት በሚሊሜትር ይለካል። ችግሩ ቺፑ ራሱም ያጉረመርማል፤ ጉርምርምታው ከበዛ የደመናውን ይውጠዋል። ከሁሉ የሚከፋው በውስጡ ካሉት ማጉያዎች የመጀመሪያው ትራንዚስተር ነው፤ እሱ የጨመረውን ከኋላው ያሉት ሁሉ ያጎሉታል። ኪርሲ ሁለት ዓመት የደከመችው እሱን ዝም ለማሰኘት ነው። ጉርምርምታው ከተፈቀደው ልክ ከበለጠ ቺፑ በሳተላይቱ ላይ ቦታ አያገኝም።

ማክሰኞ ልኬቱን እንዳይ ጋበዘችኝ። መጀመሪያ በክፍሉ ሙቀት ያለ፣ እንደ ሙቀቱ መጠን ሞገድ የሚያወጣ ጥቁር ስፖንጅ፣ ቀጥሎ በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘ ሌላ ስፖንጅ ከመቀበያው ፊት ይደቅናሉ፤ ከሁለቱ ልዩነት የቺፑ የራሱ ጉርምርምታ ይሰላል። ውጤቱ ከልኩ በታች ሆኖ ሲወጣ ባልደረባዋ ያልማሪ "ተሳካ! ኬኩ በእኔ!" ብሎ ጨፈረ።

ኪርሲ ግን አልሳቀችም። "ከስሌቴ በላይ አማረ፤ እኔ እንዲህ ጎበዝ አይደለሁም" አለች። ሽቦውን ፈተሸች፣ ናይትሮጅኑን አየች፣ በመጨረሻ ያልቀዘቀዘውን ስፖንጅ ዳሰሰችና ወደ እኔ ዞረች። "አጎቴ፣ ቅድም ምን ላይ ነበር የተቀመጥከው?"

ወንበሩ ብረት ነበር፣ ሂልካ። ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን ስፖንጅ አንጥፌ ተቀመጥኩበት፤ ሲፈልጉት አቀበልኳቸው። የእኔን ገላ ሙቀት የክፍሉ ነው ብለው አስልተዋል፤ ቺፑ ከእውነቱ ይልቅ ጸጥ ያለ የመሰለው ለዚህ ነው!

"አርባ ዓመት ፊዚክስ አስተምረህ መለኪያ ላይ ትቀመጣለህ?" አለችኝ።

"ተዪው ባክሽ፣ አጎትሽም ከቺፑ ጋር በሳተላይቱ ይሂድልን" አለ ያልማሪ።

ስፖንጁ እስኪበርድ ጠብቀው ደገሙት። ጉርምርምታው ከልኩ በጥቂቱ በለጠ። ኪርሲ ያማረውን ቁጥር ሰርዛ እውነተኛውን ጻፈችና የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ንድፍ ከፈተች። ቺፑ በሳተላይቱ ላይ ይጫን አይጫን የሚወሰነው በሴፕቴምበር ነው፤ እስከዚያ አንድ ቺፕ ብቻ ለማሠራት ጊዜ አላት። ስንቱ ተማሪዬ መልሱ ካማረ መንገዱን መፈተሽ ይተው ነበር! ልጅሽ የምትፈትሸው ሲያምር ነው።

አዲሱ ቺፕ ሲመጣ ና ብላኛለች፣ "ግን የራስህን ትራስ ይዘህ" ብላ።

ማርቲን ሞቅ አድርጎ ይልበስ በይልኝ። የልጅ ልጅሽን ትንሹን ኦኒን ሳሚልኝ፤ የማባዛት ሠንጠረዡን እጠይቀዋለሁ። ለአሮጌዋ ውሻሽም አንድ አጥንት በስሜ ስጫት። ለእኔ ደግሞ ከምትሠሪው የሱፍ ትራስ አንድ ላኪልኝ፤ ሠላሳ አምስት በሠላሳ አምስት ሴንቲሜትር ይሁን፣ ወንበሩን ለክቼዋለሁ።

ወንድምሽ ኤርኪ
ኤስፖ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2012