ከእጄ ስለወሰዷት ዲኤክስ

ውድ አባቴ ቄስ ወልደኢየሱስ፣

ደብዳቤ መጻፌን ቢያዩ ኖሮ መጀመሪያ ፊደሌን ነበር የሚያርሙት። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የወጣሁ ነኝና አንዳንዱ ሀ ያለ ቦታው ቢቀመጥ ይለፉኝ። ከቅኔ ቤቱም በአራት ወር ውስጥ የጠፋሁት ትምህርቱ ከብዶኝ ሳይሆን የመምህሩን ጫማ ስደብቅ ተይዤ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለዚያች ነጭ ዲኤክስ መኪና ነው።

የሰው ባጃጅ እየነዳሁ ያጠራቀምኳት ብር ከአሮጌ መኪና ሌላ የምትገዛው አልነበራትም። እኔም ከፒያሳ አዘዞ የምመላለስባት የራሴ ታክሲ ትኑረኝ እንጂ እርጅናዋ ግድ አልሰጠኝም። እንዴት እንደሚመረጥ ያልጠየቅኩት ጋራዥ የለም። ሞተሩን ጠዋት ሳይሞቅ አስነሳው፣ ጭሱን እይ፣ ጎማው ባንድ ወገን ከተበላ ጠርጥር፣ ከሁሉም በላይ ግን ጉድጓድ ላይ አቁመህ ከሥሯ ግባ አሉኝ። አያ ክንዱ ዲኤክሱን ሊሸጥ ነው ሲባል ሁሉንም አደረግሁ። ከሥሯ ብቻ አልገባሁም። እንዴት ልግባ? የእርስዎ የንስሐ ልጅ ነው። እርስዎ ነፍሱን የያዙለትን ሰው መኪና እኔ ጋራዥ አስገብቼ ሳስመረምር የቁስቋም ሰፈር ሰው ምን ይላል? ነውር ነው ብዬ ቀብድ ሰጠሁ።

በሳምንቱ አያ ክንዱ ቀብዴን መለሰልኝና «አባትህ ወሰዷት» አለኝ። ለካ ትክል ድንጋይ ገጠር ያሉትን በሬዎችዎን ከነባሕር ዛፉ ሸጠዋል።

«ምነው አባባ፣ መንዳት ሳይችሉ?» አልኩዎት።

«ተወኝ ልጄ። ወደድኳት።»

«እንግዲያው ቁልፉን ይስጡኝና እኔ ልንዳት።»

«አይሆንም።»

ሸራ አልብሰው ግቢ አቆሟት። ከዚያ ወዲያ ምላሴ አላረፈም። ዶሮዎቹን ውስጧ አስገብቼ «ተሳፋሪ ሞልቷል» ብዬ ለጎረቤት አስጎበኘሁ። መስታወቷ አቧራ ላይ «ሹፌሩ ቅዳሴ ላይ ነው» ብዬ በጣቴ ጻፍኩ። እትዬ አየለች ባጥር ብቅ ብለው «አንተ፣ አባትህ ለምን አይነዷትም?» ሲሉኝ «ለመንግሥተ ሰማያት መንገድ እየቆጠቧት ነው» አልኳቸው። እርስዎ በር ላይ ቆመው ሰሙና ከእትዬ አየለች ጋር ሳቁ።

የሚካኤል ማኅበር ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ጠላው ሞቅ አድርጎኝ፣ አንቱታውንም ጥዬ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ «አባቴ አትቀሙ ብሎ ያስተምራል፣ የልጁን እንጀራ ግን ቀማ» አልኩ። አያ ክንዱ ጥግ ተቀምጦ ዋንጫውን ያገላብጣል። እርስዎ ዳቦውን ባርከው የመጀመሪያውን ቁራሽ ወደ እኔ ዘረጉት። አልተቀበልኩዎትም።

አዘዞ ቤት ተከራይቼ ወጣሁ። ስኳር በሽታው ጣላቸው ሲሉኝ ስመጣ መናገር አቁመው ነበር።

በአርባዎ ማግስት አያ ክንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጀርባ ጠራኝ።

«ዛሬ እንዳትቀልድብኝ።»

«ምን ቀልድ ቀረኝ፣ አያ?»

«ያች መኪና ቁልቁለት ላይ ተገልብጣ ወገቧ ተሰብሮ ነበር። አስበይጄ፣ ቀለም አስቀብቼ ለአንተ ልሸጥ ተስማማሁ። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ለአባትህ ተናዘዝኩ። ‹ሂድና ንገረው› አሉኝ። ቀብድህን ለልጄ ሕክምና አጥፍቼው ነበር፤ ደግሞም አፈርኩ። ደጋግመው ቢለምኑኝ እምቢ አልኩ። ‹የንስሐ ነገር ነው፣ እኔ ልነግረው አልችልም። እንግዲያው ለእኔ ሽጥልኝ› አሉኝ።»

«ማኅበሩ ላይ ስሰድባቸው እዚያ ነበርክ።»

«ነበርኩ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

እጄ ተነሥቶ ነበር። ግን እርስዎ ያንን ሁሉ ወር ፊትዎን እንኳ ያላጠቆሩበትን ሰው እኔ በየትኛው እጄ ልምታው?

ባለፈው ሳምንት ሀብተሥላሴ የሚባል አዲስ ሙሽራ ከፀዳ መጥቶ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና «ሸጋ ናት፣ ዋጋዋን ቁረጥልኝ» አለ። ወገቧ የተበየደ ነው አልኩት።

«ስላንተ ቀልድ ነግረውኛል» ብሎ ሳቀ።

እንዳያምነኝ ያደረግሁት እኔው ነኝ። እየማልኩ ልለምነው አልፈለግሁም፤ በያጅ ጠርቼ ምንጣፏን አስነሣሁ። በያጁ በመዶሻ ሁለት ጊዜ ሲመታው ብየዳው ለቀቀ። ስንጥቁ ልክ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ነበር። ሀብተሥላሴ ሳቁን ተወና «ወንድሜ፣ ይሄ ሰው ይገድል ነበር» አለኝ። ማንን ይገድል እንደነበር አልነገርኩትም። እንባዬ ቀድሞኝ ነበር።

አባባ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲፈቱ ኖሩ። እኔ ግን አባቴ ስለሆኑ አንድ ቀን እንኳ ከፊትዎ ተንበርክኬ አላውቅም። ይህንን የምጽፈው መቃብርዎ አጠገብ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ሳይሆን ድንጋዩ ላይ አድርጌ ነው። ጉልበቴ መሬት ላይ ነው።

ይፍቱኝ።

ልጅዎ ገብረ ኪዳን