የሐሙስ ተራ

ልጄ ምንዳዬ፣ የመቱ ዝናብ ምድሩን እንደሚያጠግብ ጸጋው ያጥግብሽ፤ ባሕር ማዶ የጀመርሽውን ትምህርት እመቤቴ ታስፈጽምሽ። እኛ ደህና ነን። የጓሮው ቡና ቀልቷል፤ አባትሽ ጉልበቴን ይላል።

እኔ ግን ከትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ጋር ተጣልቻለሁ። እኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራን አንዳችን የሌላችን ክፍል እየገባን መተራረም ጀምረናል። እንደ ቡና ለቀማ ደቦ ነው፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ፣ ነገ የሌላው። ተራዬ ሲደርስ ኢሊሊ የምትባል አዲስ መምህርት «እትዬ ዕፀገነት፣ እርስዎ የሚያስተምሩት ሰሌዳውን ነው» አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ማንም ያልነገረኝን! ሁለት ቀን አኮረፍኳት። በሦስተኛው ፊቴን ወደ ተማሪዎቹ አዞርኩ። ከኋላ ወንበር እጁን የሚያወጣ ተማሪ እንዳለኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ኃላፊያችን ግን «መምህር በመምህር አይታረምም፣ ክብራችን ይነካል» ብሎ ከትምህርት በኋላ ለመተራረም የምንሰበሰብበትን ክፍል ቆለፈብን። ይቆልፍ! ሐሙስ ሐሙስ እኛ ቤት በረንዳ ላይ በተራ እያስተማርን እንተራረማለን፤ የሳሎኑ በር ሰሌዳችን ሆኗል።

አንቺም የመመረቂያ ጽሑፌ እስኪያምር ለማንም አላሳይም ማለትሽን ተዪና እንዳለ ላኪልኝ። የመጪው ሐሙስ ተራ ያንቺ ነው። ከከፋሽ ሁለት ቀን ማኩረፍ ይፈቀዳል፤ ሦስተኛውን ግን አልሰጥሽም።

በሄድሽበት ሁሉ እውነቱን የሚነግርሽ ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ