ሰነፉ ተማሪ

ውድ ልጄ፣

ምራቴ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ቃሉ አራቀሽብኝና ተውኩት።

ይኼን የምጽፍልሽ ወጥ ቤት ሆኜ ነው። ወንበሬን ፍሪጁ አጠገብ አስጠግቼ ተቀምጫለሁ። ባልሽ ከግድግዳው ወዲያ ተኝቷል። ሌሊቱን ሙሉ መጋዘኑ ውስጥ የካሜራ ስክሪን ሲጠብቅ አድሮ የመጣው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። እንደ ልማዱ ያንን ጣፋጭ የጣሳ መጠጥ በእጁ ይዞ ገባ፤ ቆሞ ጨረሰውና ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር ወደቀ። ሲያንኮራፋ ይሰማኛል። ሲያንኮራፋ አልፈራም። የምፈራው ሲያቆም ነው። ድንገት ዝም ይላል፣ እኔም እስክሪብቶዬን አንስቼ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ስቦ ይመለሳል። አንቺም ታውቂዋለሽ። "እንደ አሮጌ መኪና ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሣል" ብለሽ አስቀሽኝ ነበር።

ስልክ ያልደወልኩት ወድጄ አይደለም። ብደውል "ደህና ነኝ እማማ" ትይኛለሽ፣ እኔም "ተመስገን" እላለሁ፣ ትንሽ ስለ ዝናቡ አውርተን እንዘጋለን። እህትሽ ቤት ከሄድሽ ወዲህ ያደረግነው ይኸንኑ ነው። ይኼ ነገር ደግሞ ከእኔ አፍ የሚወጣ አይደለም።

ፍሪጁ በር ላይ፣ ከእንቁላሎቹ ኋላ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ትንንሽ ብልቃጦች አሉ። ውስጣቸው ያለው ነገር ዘይት ይመስላል። መርፌዎችም አብረው አሉ። የሰጠው ያ ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው የጂም አሰልጣኝ ነው። "የወንድ ሆርሞንህ አልቋል፣ እኔ እሞላልሃለሁ" ብሎታል። እንደ ጎማ። የመጀመሪያው መርፌ ለቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ባልሽ በስልክ ሲያወራ ሰምቻለሁ።

የሄድሽበትን ቀን እራት ላንሣብሽ። እህትሽና ባሏ መጥተው ነበር። የእህትሽ ባል አፉን ሳይጠርግ "እና ልጁ መቼ ነው?" አለ። አንቺ የሩዙን ሳህን እያቀበልሽ፣ ያን የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ድምፅሽን አውጥተሽ፣ "ምን ላድርግ፣ ሰነፍ ተማሪ ደረሰኝ። ኮከብ የምለጥፍበት ነገር አጣሁ" አልሽ። ሁሉም ሳቀ። ባልሽም "መምህሯ በደንብ ስላላስረዳች ነው" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳህኑን አንስቶ ሊያጥብ ሄደ። ምግቡ ገና አልተነካም ነበር። ከአንቺ በቀር ሁላችንም አይተን ዝም አልን፤ አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ለእህትሽ ውኃ እየቀዳሽ ነበር።

በኋላ መኝታ ቤታችሁ ውስጥ ምን እንደተባባላችሁ አላውቅም። የሰማሁት የሻንጣሽን ጎማ ነው። ምናልባት አሁንም "አንድ ቀልድ ነው ያልኩት፣ ምን አጠፋሁ?" እያልሽ ይሆናል። ምንም አላጠፋሽም። ቃሉ ከእኔ የወሰድሽው ነው። በረንዳው ላይ አንሶላ ስናጥፍ ስለ ባለቤቴ ስነግርሽ፣ "ሰነፉ ተማሪ ነበር የምለው" ብዬሽ፣ አንቺም "እንዴት ደስ ይላል" ብለሽ ወስደሽው ነበር። እኔ ግን የነገርኩሽ ግማሹን ነው። ያማረውን ግማሽ።

ባለቤቴ ማተሚያ ቤት የሌሊት ማሽን ሠራተኛ ነበር። ቀለም የፈሰሰበትን፣ ጠርዙ የተጣመመውን ወረቀት ለመጠቅለያ ብሎ ያመጣ ነበር። እኔ ፊደል የለየሁት ከዚያ ላይ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። ገጾቹ ተከታትለው ስለማይመጡ እስከ ዛሬ ድረስ የአንዳንድ ታሪክ መጨረሻውን እንጂ መጀመሪያውን አላውቅም። አንድ ሰሞን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ሲያትሙ ሰነበቱ። "ጎበዝ ተማሪ በጠዋት ይነሣል። ሰነፍ ተማሪ ይተኛል።" ባለቤቴ ጠዋት ከሥራ ገብቶ ሲጋደም፣ እኔ ራስጌው ቆሜ በጣቴ እየጠቆምኩ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ "ሰነፍ፣ ተማሪ፣ ይተኛል።" እሱ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ሲስቅ አልጋው ይንቀጠቀጣል። የነገርኩሽ እስከዚህ ነው።

ያልነገርኩሽ ይኸውልሽ። ዓመታቱ ሲሄዱ ሰውየው ወፈረ። እንቅልፉ የቀን ነው፣ ያውም ከጎረቤት ልጆች ጩኸት ጋር የተቆራረጠ። ሲጋራ፣ ማሽኑ አጠገብ ተቁሞ የሚበላ ዳቦ፣ ከሥራ መልስ ቢራ። ሆዱ ገፋ፣ ፊቱ ገረጣ፣ ነገር ማስታወስ አቃተው። ወደ እኔም አይዞርም። "ደክሞኛል" ይላል። እኔ በወረት የተተውኩ መሰለኝ። ሴት አለችው ብዬ የሸሚዙን ኮሌታ ያሸተትኩበት ጊዜ አለ። የቀለም ሽታ ብቻ ነበር።

አንድ እሑድ ወንድሙ፣ ልብስ ሰፊው፣ ምሳ ሊበላ መጥቶ ሬዲዮ ከፍተናል። አንድ ሐኪም ሲናገር "ስንፈተ ወሲብ" አለ። ቃሉን ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ስንፈት፣ ሰነፍ። ቃላትን ከተበላሸ ወረቀት ላይ የለቀምኩ ሰው ነኝ፤ ለእኔ ሰነፍ ማለት እየቻለ የማይሠራ ነው። አንገቴን ወደ ባለቤቴ አዙሬ፣ "ሰማህ? የኛ ቤት ሰነፍ ተማሪ በሬዲዮ ተነሣ" አልኩት።

ወንድሙን ውኃው ትን አለው። "እኔ እኮ ሱሪህን በየዓመቱ የማሰፋው ለካ ለከንቱ ነው" አለ።

ባለቤቴ፣ "ፈተናው ከብዶ ነው" ብሎ አብሮን ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብሱን የሚያወልቀው መብራት አጥፍቶ ሆነ።

ማተሚያ ቤት ውስጥ "የወንድ መርፌ" የሚሸጥ ሰው አገኘ። ማንም ሐኪም አላየውም፣ ምንም መሣሪያ አልለካውም። የመርፌውን መጠቅለያ መታጠቢያ ቤት ቆሻሻ ውስጥ አየሁና ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ደስ ብሎኝ ነው ልጄ። ፊቱ ቀላ፣ ትከሻው ቀና፣ እንደገና ይስቅ ጀመር። ሰነፉ ተማሪ ጎበዘ ብዬ በልቤ ቀለድኩ። ዓመት ሳይሞላ ማተሚያ ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ። ሐኪሙ፣ "ደማቸው በጣም ወፍሯል፣ ግፊታቸውም ከፍ ያለ ነው። የሚወጉት ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ "ምንም አላውቅም" አልኩት። መርፌው ብቻውን ገደለው አልልም፤ ሲጋራውም ክብደቱም ነበሩ። ግን ያን "ምንም አላውቅም" ያልኩትን እስከ ትናንት ለማንም አልተናገርኩም። ለልጄም "አባትህን የገደለው ልቡ ነው" አልኩት።

እና ባለፈው እንቁላል ላወጣ እጄን ስሰድ ብልቃጡን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር።

አንዱን በመሐረብ ጠቅልዬ ወደ ፋርማሲው ሄድኩ። ባለመነጽሯን ፋርማሲስት ታውቂያታለሽ፣ ሰው ሳይወጣ አላናገርኳትም። "የጎረቤቴ ልጅ ሊወጋው ነው፤ ሆርሞንህ አልቋል ብለውት" አልኳት።

"የጎረቤትዎ ልጅ ያንኮራፋል?"

"ግድግዳው እስኪነቃነቅ።"

"ከጎረቤት ድረስ ይሰማዎታል ማለት ነው" አለችና መነጽሯን አወለቀች። "እናቴ፣ የልጅዎ መሆኑን ልወቀውና እንደ ሰው እናውራ።"

አወራን። መጀመሪያ፣ ይኼ ነገር ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ እንኳ አይደለም አለችኝ፤ የሰጠው ሰውዬ የሚያውቀው ይኼን ያህል ነው። ከዚያ "ልጅ ይፈልጋሉ?" አለችኝ። አዎ አልኳት፣ ያንቺን ፊት እያሰብኩ። "እንግዲያው ዋናው ነገር ይኼ ነው። ቴስቶስትሮን፣ የወንድ ሆርሞኑ፣ ከውጭ ሲገባለት ሰውነቱ 'እንግዲህ እኔ ለምን እደክማለሁ' ብሎ የራሱን ያቆማል። የወንድ ዘር መሥራቱንም አብሮ ሊያቆም ይችላል። መርፌው ሲተው አብዛኞቹ ይመለስላቸዋል፣ ግን ወራት ይወስዳል፤ ያልተመለሰላቸውም አሉ።"

ገባሽ ልጄ? ለአንቺ ብሎ፣ ልጅ ብሎ የሚወጋው መርፌ የልጁን በር ሊዘጋው ይችላል። እሱ ይኼን አያውቅም። አሰልጣኙ አልነገረውም፣ ወይም እሱም አያውቅም።

"ደግሞስ ማነሱን ማን ለካው?" አለችኝ። ሰው ስለደከመው ሆርሞኑ አልቋል አይባልም። ስኳርም ይሆናል፣ ሐሳብም ይሆናል። ሌሊት ሙሉ ተቀምጦ ማደሩ፣ የተቆራረጠው እንቅልፍ፣ የሆድ ስቡ፣ የጣሳው ጣፋጭ መጠጥ ራሱ ሆርሞኑን ያወርደዋል፤ እንደዚያ ያለው ደግሞ ኑሮ ሲስተካከል ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። እየታፈነ የሚያንኮራፋው ነገር በተለይ መታየት አለበት አለችኝ። ደሙ የሚለካው በደንብ ተኝቶ ባደረ ማግስት፣ በጠዋት፣ ቁርስ ሳይበላ ነው። አንዴ ዝቅ ብሎ ቢገኝ እንኳ ደግመው ያዩታል። እሱ ደግሞ ተኝቶ የሚያድረው የእረፍት ሌሊቱን፣ ዓርብን ብቻ ነው። ስለዚህ የቅዳሜዋ ጠዋት ወይ የምርመራ ናት፣ ወይ የመርፌ።

ትናንት ከሥራ ሲገባ እዚሁ ወንበር ላይ አገኘኝ።

"እማዬ፣ ፍሪጁ ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትጠብቂው?"

"እንቁላሉን።"

"እንቁላሉ አይሸሽም።"

"ከኋላው ያለውንስ?"

ዓይኑ ወደ ፍሪጁ በር ሄደ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ስለ አባቱ ነገርኩት፤ ሬዲዮውን፣ ደረጃውን፣ "ምንም አላውቅም" ያልኩትን። ፋርማሲስቷ ያለችውንም ጨመርኩ። ሲሰማኝ ቀስ እያለ ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለፍሪጁ ሰጥቶ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም።

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?"

"ፈርቼ።"

"አሁንስ?"

"አሁን የበለጠ ፈርቼ።"

ከዚያ፣ "እሷ ለቀልድ እንደምትለው አውቃለሁ" አለኝ። "ግን እማዬ፣ አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ማንም በሌለበት፣ ራሴን ሰነፍ ብዬ ሰደብኩት። የፈራሁት ያኔ ነው።"

"ቅዳሜ ደምህን ይለኩት። እኔ አብሬህ እመጣለሁ።"

"ከእናቴ ጋር? ለዚህ?" ብሎ ሳቀ። ከሄድሽ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ሳቁ ጠፋና፣ "እሷ አጠገቤ ብትሆን..." አለ፣ አልጨረሰውም። ደውልላት ስለው በእንቢታ ራሱን ነቀነቀ። ብልቃጦቹን ልጣላቸው ስለው ደግሞ፣ "ይቀመጡ። ብቻዬን እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ምን ሆንክ አልባልም። ካልሆነ አሰልጣኙ ይጠብቀኛል" አለኝ። ሲናገር ማስፈራራት አልነበረበትም። ድካም ነበር። አባቱ "ደክሞኛል" ሲል የነበረው ድምፅ ነው፣ ልክ ያው። ብደፋበት ሌላ ይገዛል፣ ከእኔም ይደብቃል። ስለዚህ ተውኳቸው፤ ወንበሬን አስጠግቼ እጠብቃቸዋለሁ። የፍሪጁ በር በተከፈተ ቁጥር ወተት ፈልጎ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

እንድትመጪ ነው የምለምንሽ። ዓርብ ማታ ግቢ። ይቅርታ ይዘሽ አትምጪ፣ ይቅርታው የእኔ ዕዳ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ላቦራቶሪው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቡ ተቀመጪ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ውጤቱ ምንም ይሁን፣ ሐኪም አይቶት፣ ሁለታችሁ ሰምታችሁት ይሁን። መታከም ካለበት የሚታከምበት መንገድ አለው፤ ልጅ የሚፈልግ ሰው የሚታከምበትም ለብቻው እንዳለ ፋርማሲስቷ ነግራኛለች።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። በሩን ስትገቢ በስሙ ጥሪው።

ባለቤቴ የወደቀ ቀን ሆስፒታል ስደርስ፣ ነርሷ ወረቀቷን ይዛ "ስማቸው ማን ነው?" አለችኝ። ልጄ፣ አፌ ላይ ቀድሞ የመጣው ስሙ አልነበረም። ሰነፉ ተማሪ የሚለው ነበር። ከንፈሬን ነክሼ መለስኩትና ስሙን ፈለግኩት፤ ካገኘሁት በኋላም የሌላ ሰው ስም መሰለኝ፣ ከጠራሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና። ነርሷ ቆማ ትጠብቀኛለች። እሱ አልጋው ላይ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል።

ባልሽ አሁን ደግሞ ዝም ብሏል። እስክሪብቶዬን አንስቻለሁ።

መጣ። ተነፈሰ።

ቅዳሜን የምትፈራዋ፣
የሁለታችሁ እናት