ፉሪ የደረስንልህ ለቅሶ

ውድ ፍሮምሳ፣

ስልክህን ስላጠፋህ ይኸው ብዕር አስያዝከኝ። ደብዳቤውን ለእህትህ ለሀና እሰጣታለሁ፤ አልቀበልም ካልክ ጮክ ብላ እንድታነብልህ ተማጽኛታለሁ። ስለዚህ ራስህ ብታነበው ይሻልሃል።

ያቺ እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ብሎ እጅህ ላይ ካረፈች ወዲህ፣ ሥራህን ትተህ ፉሪ አባትህ ቤት ገብተሃል። ሕክምና በቃኝ፣ የከብት መኖ ፉርሽካ እነግዳለሁ ማለትህንም ሰምቻለሁ። አንተ ላም ፈርተህ አጥር ስትዘል ያየሁህ ሰው ነኝና ስለ ንግዱ ምንም አልልም።

ባለፈው እሁድ የሆነውን ግን ከጓዳ ሆነህ ሰማኸው እንጂ አላየኸውም። ያመለጠህን ልንገርህ።

የማኅበራችንን ልማድ ታውቃለህ። ከእኛ ከማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች አንዱ የሚያዋልዳት እናት ስትሞትበት ቤቱ ሄደን እንቀመጣለን። አንመክርም፣ አንመረምርም፤ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ዝም ብለን አብረነው እንቆያለን። አብዛኞቻችን በምንኖርበት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማን ገባ ማን ወጣ የሚል የለምና እስካሁን ችግር ገጥሞን አያውቅም። ፉሪ ግን ሌላ ነው ለካ!

ሰብሳቢያችን ዶክተር ተካ ያንን ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ እኔ ጥቁር ሻሽ አስሬ፣ ሌሎቹም አንገታቸውን ደፍተው ግቢ ስንገባ ያየ ጎረቤት ምን ይበል? ገና ቁጭ ከማለታችን ጎረቤታችሁ አዴ ሎሚ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ።

"ዋቅጅራ! ማን ሞተብህ? ምነው ሳትነግረን?"

ከኋላቸው የዕድሩ ሰዎች የድንኳን እንጨት ተሸክመው ደረሱ። አባትህ በቆሙበት ደርቀው ቀሩ።

"እኔ ምን አውቄ! ለቅሶውን ይዘው የመጡት እነዚህ ናቸው። እነሱን ጠይቂያቸው።"

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ሻሼን አፌ ላይ ይዤ ስታገል ተካ ተነሳ።

"እናቴ፣ ልጃችን ሊያድናት ታግሎ ያልሆነለት አንዲት እናት ነበረች። እሷን ብሎ ብቻውን ተቀምጧል። ለቅሶ ለብቻ አይለቀስም ብለን ነው የመጣነው።"

አዴ ሎሚ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ "ስሟ ማነው?" አሉ።

ዕድሜዋን እናውቃለን፤ ስንተኛ ልጇ እንደነበረና ምን ያህል ደም እንደተሰጣትም እናውቃለን። ስሟን ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ያኔ ነው አንተ ከበሩ ጀርባ "ቤተልሄም" ያልከው።

ከዚያ ሳቄም ጠፋ። አዴ ሎሚ ስሟን እየጠሩ አለቀሱላት፣ እኛም አለቀስን። የዕድሩ ሰዎች እንጨታቸውን መሬት አውርደው አጠገባችን ተቀመጡ። የማያውቋት ሁሉ አለቀሱላት፣ ፍሮምሳ። አባትህ ሲሸኙን የተካን እጅ ይዘው፣ "ዛሬ ድምፁን ሰማሁ" አሉት።

ቅዳሜ እንደተለመደው ላፍቶ እንሰበሰባለን። ያችን የመለማመጃ የፕላስቲክ እናት እናስተኛታለን፣ ለደም የሚሆነውን ከርከዴ እናፈላለን፣ ደም ማስቆም እንለማመዳለን። በመጀመሪያ ግን የቤተልሄም ጉዳይ ይቀርባል። ተካ እኔ እንዳቀርበው ጠይቆኝ እምቢ ብያለሁ። አጥፍተህ እንደሆነ አላውቅም፤ እዚያ አልነበርኩም። ተካም ቢሆን ይህን አይጠይቅህም። "ጥፋተኛ መፈለግ የእኛ ሥራ አይደለም፤ እኛ የምንፈልገው ቀጥላ የምትመጣውን እናት ማትረፊያ ነው" ይላል ሁልጊዜ።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ቤተልሄም ከሞተች ወዲህ እኔም እፈራለሁ። ማዋለጃ ክፍል ስገባ፣ እንደ እሷ ያለች ብትመጣብኝ ምን ላድርግ እያልኩ አስባለሁ። መጽሐፉን ደጋግሜ አነበብኩት፣ አልበቃኝም። የደሟ መፍሰስ መቼ እንደባሰ፣ ምን ሞክረህ ምን እንዳልሠራ፣ ምን ቀደም ብሎ ቢደረግ ይሻል እንደነበር የሚነግረኝ እዚያ የነበረ ሰው ብቻ ነው።

እኛ እሁድ የመጣነው ልናጽናናህ ነበር። እኔ ግን አሁን የምጽፍልህ አስተምረኝ ልልህ ነው። ለራስህ ብለህ ባትመጣ እንኳ፣ ለእኔ ብለህ ና።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ የምትጠብቅህ፣
ሙፊዳ